የሰው «እኔ»

ደነዲን፤ እሑድ ጧት፤ ነፋሱ ከባሕር ወጥቶ
በሩን ይገፋል ደጋግሞ፣ እንደ ምእመን አርፍዶ መጥቶ።
ፓስተር ኢዋን ከግራ፣ እኔ ከቀኝ ቆመናል፤
እሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይልና ዝም ይላል፤
በዝምታው ውስጥ እገባለሁ፤
በእንግሊዝኛ የጣለውን በማንዳሪን አነሣለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው በዚህ ሥራ፤ ደመወዝ የለው፣ ሹመት የለው፤
የአስተርጓሚ ወጉ አለመታየት ነው፤
እንደ መስኮት መስተዋት፣ ሲቆሽሽ ብቻ የሚታይ፣
ሲጠራ ግን ሰው በእሱ አልፎ ማዶ ያለውን ዛፍ የሚያይ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ።
ኢዋን «ቃል» የሚለውን የእኛ የጥንት ተርጓሚዎች
«ዳዎ» ብለውታል፤ መንገድ ማለት ነው፤
እና በየሳምንቱ ቃሉን አንሥቼ
መንገድ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ የሚሄድበት ቢገኝ።

«ኃጢአተኞች ነን» ሲል ደግሞ፣ መከራዬ ያን ጊዜ ነው፤
በእኛ ቋንቋ የኃጢአትም የወንጀልም ስሙ አንድ «ዙዌይ» ነው።
ሽማግሌው ፋን አንድ ቀን በትራቸውን ተደግፈው፣
«ልጄ፣ አርባ ዓመት ጫማ ሰፋሁ፤ ከፖሊስ ደጅ አልደረስሁ፤
እስቲ ንገሪኝ፣ የማንን ምን ሰረቅሁ?»
ብለው ጠየቁኝ በሻይ ሰዓት።
ጥያቄውን ለኢዋን ተረጎምሁለት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው፤
መልሱ ሁለት ሳምንት ጠፋው።

ያን እሑድ ግን፣ የሐምሌ ውርጭ፣
ማሞቂያው እንደ አረጋዊ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
ኢዋን የጻፈውን ወረቀት አራት ቦታ አጠፈው፤
መነጽሩን አወለቀ፤ ፊቱ ያለ መነጽር የሌላ ሰው ፊት ነው።
«እኔ» አለ፣ «እናቴን አላናገርኋትም፣ ብዙ ዓመት።»
ዝም አለ። የእኔ ተራ።
ደንቡ ጥብቅ ነው፤ «እሱ እንዲህ ይላል» አይባልም፤
አስተርጓሚ መድረክ ሲወጣ የራሱን «እኔ» አያስከትልም።
«ዎ» አልሁ፤ እኔ ማለት ነው፤
«እናቴን አላናገርኋትም፣ ብዙ ዓመት።»

አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ሰማያዊ የሹራብ ቆብ ያጠለቀች፣
ልጄን ልትጠብቅልኝ ከሃርቢን የመጣች
እናቴ ቀና አለች።
አንድ ቤት ነው የምናድረው። ስለ ሩዙ እናወራለን፣
ስለ ልጁ ካልሲ፣ ስለ መብራት ሂሳብ።
ከዚያ ወዲያ አናውቅም።

«ትታኝ ስትሄድ» አለ ኢዋን፣ «መስኮቱ ጋ ቆሜ አየኋት፤
እንዳየኋት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።»

ስድስት ዓመቴ ነበር። የአክስቴ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
መስኮቱን በረዶ ሸፍኖት፣ በትንፋሼ አንድ ቀዳዳ አቀለጥሁ፤
በዚያች ቀዳዳ አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር
መጀመሪያ ሻንጣዋን፣ ቀጥሎ ጀርባዋን አየሁ።
ይህ የማን ነው? የእሱ? የእኔ?
ተረጎምሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ሥራዬ ነውና።

«አሁን» አለ፣ «እናቴ ሞታለች።»

አፌን ከፈትሁ።
ሽማግሌው ፋን ጠበቁ። ሕፃን አለቀሰ። ነፋሱ በሩን ገፋ።
እናቴ ዐይኗን ከእኔ አልነቀለችም፤ እጇ ቆቧ ላይ ነው።
በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን ጣስሁ፤
«እናቱ» አልሁ። «የእሱ እናት ሞታለች።»
መስተዋቱ ቆሸሸ፤ ሰው ሁሉ አየኝ።

ምሳ ላይ፣ ምድር ቤት፣ ጎመን የተሞላ የእንፋሎት ዳቦ ስናድል፣
እናቴ አጠገቤ ቆማ፣ ፊቴን ሳታይ፣
«የሞተችው የፈረንጁ ናት» አለች በቀስታ፣ «ገባኝ።
መስኮቱስ?»

ልማድ ክፉ ነው፤ ዞር ብዬ ኢዋንን ፈለግሁ፣
ቀድሞ የሚናገርልኝ፣ ተከትዬ የምናገረው።
ማዶ ጥግ ላይ ሰሃን ያጥባል፣ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ።

«ዎ» አልሁ።