የኋላ ጎማ

ዝናብስ ዝናብ ነው፤ ከላይ ነው አመሉ፣
ካፖርት ለደረበ አይከፋም መዋሉ።
እኔን ያቃጠለኝ ካባራ በኋላ
ከጎማዬ ፈልቶ የሚዘንበው ሌላ፤
የባጃጅ ዘይት ያለው፣ የጋሪ ፋንድያ፣
የዓሣ እጣቢ ያለው ከሐይቁ ገበያ።
ሐምሌ ሐዋሳ ላይ
መሬት ነው የሚዘንበው፣ ከታች ወደ ላይ።

የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው ሥራዬ፤
ስንት ኪዩብ ጠጥቷል በክረምት ሱሪዬ?
ማን መዘገበልኝ? ደረሰኙስ የታል?
ባንኳኳሁት በር ሁሉ ዘበኛው ያየኛል፣
«ቦይ ቆፋሪ ነህ?» ብሎ ይጠይቀኛል።
ባለፈው አንዲት ጠብታ አንዱን ሰባት አርጋ
ስንጨቃጨቅ ከረምን ከባለቤቱ ጋ።

«ይኸው ነው በሽታህ፣» አለኝ አንጁሎ፣
ጎሚስታው፣ ከፊት ጎማዬ ሥር ቁጢጥ ብሎ፤
«ፓራፋንጎህ አጭር፣ ከጉልበት በላይ ቀሚስ፣
ጎማህ ምን ያድርግ ታዲያ፣ ያገኘውን ቢነሰንስ?»
ካይሱዙ የወለቀ አሮጌ ጎማ ቆረጠ፣
በጋለ ሚስማር በስቶ በሁለት ብሎን አሰረው፤
«አራት ጣት ከመሬት፣ ከዚያ በታች አይውረድ፣
ጉብታ ሲነካው ታጥፎ ቸርኬው ውስጥ እንዳይሄድ።
ሲኖ ትራክ ካየህ ደግሞ ኋላው አትለጠፍ፣
በጎማው ፋና አትሂድ፤ ጠብቀው እስኪያልፍ።
ማታ ማታ ሆዱን ላምባ ቀባው፣
ጭቃ እንዳይለምድበት።»

ሰኞ ጥቁር ውሃ ወረድኩ በማለዳ።
(ስሙን ያወጣለት ሐምሌን ያየ ሰው ነው።)
ኩሬ አገኘሁና ሆን ብዬ ገባሁበት፣
ግራ ቀኝ ተሰንጥቆ ሲሸሽ ሣቅሁበት።
ጫማዬ ጫማ ነው! ካልሲዬም ደረቅ!
ሱሪዬ አልተነካም፣ እንደ ሙሽራ ጨርቅ።
ዘበኛው ከፈተ፤ «ምን ፈለጉ ጌታው?» አለኝ፤
ጭቃው የቀረ ዕለት አንቱታ ደረሰኝ።

ማታ ስመለስ ግን፣ በሱሙዳ በኩል፣
በቆሎ ጠባሿ ላቀች አለች፣
ከቦዩ ጠርዝ ከሰሏን አያይዛ፣
ጃንጥላ ዘርግታ።
ዝናቡ ቆሟል።
ጃንጥላው ወደ ሰማይ አልነበረም፤
በጎኑ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ፣
እንደ ጋሻ፣
ወደ እኔ።

ቶሎ አልገባኝም። አለፍኳት።
ከኋላዬ «ትሽ» የሚል ሰማሁ።
የጠፋ ፍም ድምፁ ይታወቃል።
በመስታወቱ አየኋት፤ ስታራግብ፣ አንገቷን ሳታቀና፣
ሳትሳደብ። ስድብ ይሻለኝ ነበረና።

ስንት ክረምት አለፍኩ፣ ጫማዬን ሳይ ብቻ፣
የኋላው ጎማዬ ሲያድል የጭቃ ጥፊ፣ የጭቃ ርግጫ።

አንጁሎ ጋ ዞርኩ። «ለኋላም ቁረጥልኝ።»
«ምን ያደርግልሃል? የኋላውን ሳጥኑ ይዞልሃል፤
አንተን አይነካህም።»
«አውቃለሁ፤ እኔን አይደለም።»
ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ አልጠየቀም፤
ከፊተኛው ይልቅ ሰፋ አድርጎ ቆረጠው።

ማክሰኞ ቀስ ብዬ፣ በሁለተኛ ማርሽ።
ጃንጥላው እንዳለ ነው፣ ፊቱን ወደ መንገድ፤
እኔ አንድ ጎማ ሸፈንኩ፤ ባጃጁ ሲመጣስ? ሲኖው ሲነጉድ?

ቆምኩ። አንድ በቆሎ ገዛሁ፣ ዳር ዳሩ ያረረ።
ላቀች አላወቀችኝም።
ንጹሕ ነኝ፤ በምን ታውቀኝ?
በልቼ ስጨርስ ጣቴ ጠቁሯል፣ ከንፈሬም፤
የዚያን ቀን እድፌ እሱ ብቻ ነበር።
አልጠረግሁትም።