ቀሪ

ጤና ጣቢያችን ከኮረብታው አናት ባሕሩን ቁልቁል ያያል፣
መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ ከወደቡ ሽቅብ ይወጣል፤
የቫልፓራይሶ ግንበኛ ያን ሲደረድር አላሰበም፣
ትንፋሹ ያጠረ ሰው ሁሉ በዚያ እንደሚመጣ አላለመም።

ሰኔ ነው፣ ክረምት። ጣሪያው ያፈሳል። እኔ ያስና፣ መዝገብ አለኝ፤
ዶክተር ኢግናሲያ፦ «ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ካርድ ለዪልኝ፤
ሳንባ ከሳንባ፣ ልብ ከልብ፣ ድካም ከድካም ይቀመጥ፤
ቅጹ ያለው አምስት ሣጥን ነው፣ አንድም ሰው ከዚያ እንዳያመልጥ።»

ጠረጴዛው አልበቃኝ፤ ወለሉ ላይ አምስት ክምር ዘረጋሁ፣
ንፋሱ እንዳይበትንብኝ በየላዩ ጠጠር ጫንሁ።

ኔሊዳ ኦያርሱን፣ ዓሣ ሻጭ፤ «አፍንጫዬ ከዳኝ» ትላለች፤
ትኩሱን ከከረመው ለመለየት ስንጥቡን ገልጣ ታያለች፤
ሲቸግራት የጎረቤት ልጅ ጠርታ በከረሜላ ታስሸትታለች።
«ማሽተት» የሚል ሣጥን አለ። ገባች። ይህችኛዋ ቀላል ነበረች።

ሩፔርቶ ግን? የጂኦግራፊ መምህር። ካርታው ፊት ቆሞ ሳለ
የዋና ከተማው ስም፣ ሠላሳ ሁለት ልጅ እያየው፣ ከአፉ ላይ ኮበለለ።
«ጭጋግ» ከሚለው ላኑረው? ከወንበር ሲነሣ ልቡ ይዘላል፤
«ልብ» ከሚለው ላኑረው? ታዲያ የጠፋውን ስም ማን ይፈልጋል?
ልቡን የሳተም፣ ልብ ያላለም፣ ባንድ ልብ ሲጠራ ኖሮ
ቅጹ መጥቶ ለሁለት ሰነጠቀው፣ መካከሉን አጥሮ።

ሶይላ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ፤ ደህና ቀኗ ነው ጠላቷ፤
አራት አንሶላ ባጠበች ማግስት ሦስት ቀን አልጋ ነው ቅጣቷ።
«ድካም» ላይ ጣልኋት። መልሼ አነሣኋት።
ድካም እኮ ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ነበር፤
ይህን ምን እንበለው?
ስም እስኪወጣለት ጭኔ ላይ አቆየኋት።

እንዲህ እንዲህ ስል ስድስተኛ ክምር ጭኔ ላይ አደገ፤
ከአምስቱ ሁሉ በለጠ፣ ጠጠርም አልፈለገ።

በእኩለ ቀን ወደ በሩ ወጥቼ ደረጃውን ቁልቁል አየሁ፤
ለካ እነሱ ራሳቸውን ለይተዋል፤ እኔ ነኝ የዘገየሁ።
አርባኛው ላይ ሦስት ሴቶች፤ ሰባ ስምንተኛው ላይ፣ ሎሚው ሥር፣
ዓሣ ሻጯና መምህሩ፣ በአንድ ጃንጥላ፣ ያለ ነገር፤
ጉልበታቸው ባለቀበት ተቧደኑ። ማንም አልመደባቸው።
«የአርባ ሰዎች»፣ «የሎሚ ሰዎች»፤ ይህ ነው የእርስ በርስ ስማቸው።

ከሁሉ በታች ኤውሴቢዮ፣ አሥራ አንደኛው ላይ፣ ባርኔጣው በጉልበቱ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አሳንሰር ነጂ፣ ሰው ሽቅብ ማድረስ ሹመቱ።
ካርዱ «ምን ቀረብዎት?» ብሎ ቢጠይቀው፣
በአንድ ቃል፦ «ሽቅቡ።» ሌላውን ባዶ ተወው።

ቀረ።
ያልሄደም ቀረ ነው፣ ያልመጣም ቀረ።
ሐኪሟ «ቀርቷል» ስትል፣ በቃ፣ ተሻረ፤
ኔሊዳ «ቀርቷል» ስትል፣ ከአልጋዬ ሥር ጫማውን አውልቆ አደረ።
ስም ሲጠራ ደግሞ፣ ከሰሌዳው ፊት የታጣው፦
ሩፔርቶ? ቀሪ።

ቅጹን ሞላሁት። አምስቱንም ሣጥን፣ እንደ ታዘዝሁት፣ ባልወድም፤
ግን ከየስማቸው ጎን የሚያርፉበትን ደረጃ ጻፍሁ፤
በእርሳስ ነው፤ ላጲስ አልከለክልም።

አመሻሽ ላይ ዶክተር ኢግናሲያ ገጹን ገለጠች፣ መነጽሯን አወለቀች፣
«ይሄ አሥራ አንድ ምንድን ነው?» አለች።

በሩን ከፈትሁላት።
ዝናቡ አባርቶ ነበር።
ባርኔጣው ብቻ ይታያል። ከታች ወደ ላይ አብረን ቆጠርን።
ኤውሴቢዮ ያን ማታ ዘጠነኛው ላይ ነበር።