አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ

ቀበሌ አሥራ አንድ፣ ከስፌት ቤቱ ጓሮ፣
ስፖንጅ ፍራሻችን ግድግዳ ላይ ታስሮ፣
በብርድ ልብስ ታፍኖ የመስኮቱ ስንጥቅ፣
ማይኩ ካልሲ ለብሶ ትንፋሽ እንዳይሰርቅ፣
«ደህና አመሻችሁ ወይ፣ የቬልማራ ሰዎች፣
የሌሊት ጀግኖች፣ የቀን ተቀጣሪዎች»
እንላለን በሳምንት አንዴ፣ መብራት ካልጠፋ፤
ከጠፋም በባትሪ፣ ድምፃችን ሳይከፋ።

ሰሚ ስንት ነው? አትጠይቁ።
አንድ ሰሞን ሰማንያ ሦስት ደረስን፤ እኔ ቆጠርኩ፣ ይታይሽ ሳቀች፤
«ግማሹ አንተው ነህ፣ ደጋግመህ ስትከፍተው» አለች።

ሰርቨሩ ባሕር ማዶ፣ እኛ ከጣና ዳር፣
ሰይፋችን ተመዝዞ እስኪደርስ እዚያ አገር
ዘንዶው በልቶናል፣ አጥንታችንን ተፍቶ
ተኝቷል ሆዱን ሞልቶ።
«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለን የሰየምነው
ሦስተኛው ክፍላችን ይህንኑ ሊያስረዳ ነው።
ይታይሽ ግን አትማረርም፦ «መዘግየት ምን አለው?
እኛ ጋ አምቡላንሱም እንዲሁ ነው የሚመጣው።»

ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ።
«ፈዋሽ ሁኚልን እንጂ» ቢላት አንድ ጓደኛ፣
«ሌሊቱን ቁስል ሳሽግ አድሬ
እዚህም ፋሻ ልጠቅልል ዛሬ?
ተወኝ፣ በመጥረቢያዬ ልኑር» አለች፤
ቀንዳም የራስ ቁር ደፍታ ወጣች።

ስለሚበቅለው ጭራቅ ያወራን ዕለት
(ስትገድለው ከሥሩ ሁለት የሚወጣበት)
«እምቦጭ ነዋ!» አለች፤ «አጎቴ ፎገራ፣ ሐይቁ ውስጥ ቆሞ
ሲነቅል ይውላል፤ ሲነጋ ያገኘዋል፣ በቅሎ ለምልሞ።
ያውም ደረጃ አያሳድገው፣ ወርቅ አይጥልለት፤
ወገቡን ብቻ ይዞ ይገባል ወደ ቤት።»

አንድ ማታ ከዓባይ መውጫ በኩል ጉማሬ አጓራ፤ ሳልቆርጠው ረሳሁት።
አንድ ልጅ ከዱርቤቴ ደወለ፦ «የዘንዶውን ድምፅ ከየት አመጣችሁት?»
አልነገርነውም። ከዚያ ወዲህ ጉማሬው ሦስተኛችን ነው፤
ሲመጣ ወንበር እንስብለታለን፣ ሲቀር እንናፍቀው።

እኔ ቆራጭ ነኝ።
ሳል እቆርጣለሁ፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣
የስፌት መኪናውን ጩኸት፣ የጎረቤት ዶሮ፣
«እእእ» እና «ማለቴ»ን፣ ምራቅ ስንውጥ እንኳ።

አርባ አንደኛው ክፍል ግን።
ከሥራ በቀጥታ መጣች፣ ጫማዋን ሳትቀይር።
ርዕሳችን የትንሣኤ ጥቅልል ነበር፦
ዋጋው፣ የሚሸጥበት፣ ለማን እንደሚሠራ።
እኔ ማስታወሻዬን እያየሁ ሳወራ
«አርባ ሳንቲም ነው፣ አይደል?» አለች።
«አዎ፣ አርባ። ከምሥራቁ በር፣ ከአንጥረኛው ጎን።»
«አርባ» አለች።

ከዚያ ምንም።
የድምፃችን መስመር ነፋስ እንደሌለው ሐይቅ ተኛ፤
እሷ እንዲህ ያለ መስመር ታውቃለች።
ጉማሬው እንኳ ያን ማታ አልመጣም።
ቀዩ መብራት ይበራል፤ እየቀዳ ነው።
«እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ወደ ጥያቄዎች እንለፍ።»

ሃምሳ ሁለት ሰከንድ።
ከፊቱ ያለውን ሳል ቆረጥኩ፣
ከኋላው የወንበሩን ሲጥሲጥታ ቆረጥኩ፤
እሱን ተውኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከገበያው ወደ ጀልባ ወደቡ ባጃጅ ያዝኩ።
«ግራ ግባልኝ» ስል ሾፌሩ ዞረ፦
«ድምፅህን አውቀዋለሁ! እኔ ቀስተኛ ነኝ፣ ደረጃ ሠላሳ!»
ዘንባባዎቹ ሥር ቆመ፣ መንገዱን ረሳ።
«ግን አርባ አንደኛው ላይ፣ አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ፣
ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ዳር ይዤ ቆምኩ፣
አራገፍኩት፣ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።
ከዚያ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ።»
ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወ።
«ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

ከኋላችን የቆመው ጡሩምባውን ነፋ፤
ደግሞ ነፋ።