ተረኛ

ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካው ግንብ ሥር፣ ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ
ከጫማዬ ጀርባ ተኝቷል የኔው ሸለምጥማጥ።
አፍንጫው ደርቋል፣ ጆሮው ይፋጃል፤
ትናንት የተወውን ሥጋ ዛሬም ትቶታል።
መዳፌን ከሆዱ አሳርፌ አነሳሁ፣
ፀሐይ የዋለበት ቆርቆሮ የነካሁ
መሰለኝ። ትንፋሹን ልቆጥር ጀመርኩ፤
ፈጠነብኝና መሐል ላይ ተደናገርኩ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አምስት ዶሮ በልታ
እናቱ ከጦይባ ቆጥ ሥር ቀረች ተመታ።
በማግስቱ ሌሊት አጥሩን ስዞር በባትሪ
ድምፅ ሰማሁ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል፣ ተጣሪ።
ከውዳቂ ጥጥ ውስጥ፣ ዐይኑ ሳይገለጥ፣
ገላው እፍኝ የማይሞላ፣ የሚንቀጠቀጥ።
ካፖርቴ ኪስ ገባ፤ እዚያው አደገ፤
ጥርስ ያወጣ ዕለት የደንብ ልብሴን አዝራር በጥሶ ሸሸገ።

ዓለሙ ሌሊት ነው፤ የኔም ሌሊት ነበር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፊሽካ ከበር እስከ በር።
ጡረታ ስወጣ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣
አብሮኝ የሚነቃ እሱ ብቻ ነበረኝ።
ስሙን «ተረኛ» አልኩት፤
ፈረቃዬን አስረከብኩት።

ማምሻውን ለመንኩት ፈንታውን፣ የከብት ሐኪሙን።
ሳቀ መጀመሪያ፣ ሲሰማ ስሙን።
«ለበሬ፣ ለአህያ፣ ለግመል ዓምድ አለኝ፤
ለዶሮ ሌባ ግን ማን ፎርም ሰጠኝ?»
ሙቀት መለኪያውን ቅባት ቀባና
አርባ አንድ ከምናምን አነበበና
ሳቁን አቆመ።
ሊሄድ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ፤
«የሰው ክኒን አደራ! ለሱ መርዝ ነው።
ውሃ በጠብታ፣ በጉንጩ በኩል ስጠው፤
መዳፉን በእርጥብ ጨርቅ፤ በረዶ እንዳይነካው።
ከነጋ አምጣልኝ፣ መርፌ እለካለታለሁ።
ከነጋ…» አለና ቀሪውን ዋጠው።
የራሴን ክኒን ግማሹን ፈጭቼ
ማንኪያ ላይ ነበረኝ። ደፋሁት ወጥቼ።

መርፌ በሌለው ስሪንጅ አንድ ሁለት ጠብታ፤
ግማሹን ዋጠልኝ፣ ግማሹ ባገጩ ወረደ በዝግታ።
የድሮ ሸሚዜን በአራት ቀደድኩት፣
ለአራቱ መዳፉ አራት ጨርቅ ነከርኩት።
የልጆቼን ትኩሳት አላውቀውም እኔ፤
ማታ ማታ በር ላይ ሲያፈጥ ነበር ዐይኔ።
እናታቸው ነበረች ጨርቅ የምትነክር፤
እኔ ስማር ይኸው፣ እሷ የለች፣ ልጆቹ አገር ላገር።

በአስፋልቱ የጅቡቲ መኪኖች ያልፋሉ፣
ሲያልፉ ብርጭቆዬን ያንቀጫቅጫሉ፤
እሱ ግን ጆሮውን አላነሣም።
ድሮ ለአይጥ ኮቴ እንኳ አያንቀላፋም።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ «ይመር! ምን ነካህ?
ይሄ ምን መብራት ነው? ደግሞ ምን ሆነህ?»
ጦይባ ናት፣ በአጥሩ ቀዳዳ።
ጨርቁን ብጎትተው ጅራቱ ቀረ ሜዳ፤
ቀለበት ቀለበት፣ ነጭ በጥቁሩ ላይ።
«የዚያችው ልጅ ነው ወይ?»
ምን ልበል? «ነው» አልኳት።
ዶሮዎቿን አንድ ባንድ ስትጠራ ሰማኋት፦
ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ፣ ቀይዋ፤
አምስተኛዋ ላይ ተሰበረ ድምጿ።
ሄደች። ዱላ ልታመጣ ነው አልኩ፤
እንደ ድሮ ሥራዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

የመጣችው አንድ እንቁላል ይዛ ነው፤
ገና ትኩስ ነው፣ ጭድ የተለጠፈው።
«አብሽር፤ አስኳሉን በጥብጥና ስጠው።
ለሱ እንዳይመስልህ! ላንተ ብዬ ነው።
ከዳነ ደግሞ እሰረው፤
ያላሰርከው ለታ እኔ ነኝ የማገኘው።»

ጣቴን አስኳል ነክሬ ከከንፈሩ አደረስኩ።
አንዴ ላሰ። ቆየ። እኔም ጠበቅኩ።
ከዚያ ነከሰኝ።
እንዲያው ለወጉ ነው፣ ደም እንኳ አልወጣኝ፤
ግን ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ ጦይባ እስክትሰማኝ።

ትኩሳቱ አልወረደም፤ ገና ይፋጃል፤
ፈንታው ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ይከፍታል።
ድሮ ሲነጋጋ መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር፣
«ሌሊቱ ሰላም አደረ» ብዬ፣ ከፊርማዬ ጋር።
ዛሬ መዝገብ የለኝም፤ ለሚጠይቀኝ ሰው
ሪፖርቴ ይኸው ነው፦
ተረኛው ታሟል፤ ከቦታው ግን አልጠፋም።
ከአንድ እንቁላል በቀር የጎደለ የለም።