ከሰረዙ በኋላ

የታኅሣሥ ጠዋት ነበር፤ ውርጭ ለብሶ አድሮ ሣሩ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ኋላ፣ የድሮው የሱፍ መጋዘን
ለሥዕል ተከፍቶ በሩ።
ጥበቃው አቶ ደምሰው
እጁን ከካፖርቱ ሳያወጣ፣ በአገጩ «ግቢ» አለኝ፤
«ውስጡም ያው ብርድ ነው።»

ግድግዳው እስከ ዛሬ ድረስ የበግ ቅባት ይሸታል፤
አርባ ሥዕል ተሰቅሎ፣ በየሥዕሉ ግርጌ
አርባ ወረቀት ተለጥፏል።
ስም አለ፤ ከስሙ በታች ዓመት፣
ከዓመቱ ቀጥሎ ሰረዝ፣
ከሰረዙ ቀጥሎ ዓመት።

እኔ የሥዕል ተማሪዋ፣ ቀለሙን መመርመር ሲገባኝ፣
ብርሃኑ በየት እንደመጣ፣ ጥላው የት እንዳረፈ
መጠየቅ ሲገባኝ፣
ቆሜ መቀነስ ጀመርኩ፤
ይኼ ስድሳ አንድ። ይቺ አርባ።
ይኼኛው ሃያ ሦስት፣ ልክ በእኔ ዕድሜ።
ብርዱ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጥግ ላይ አንድ ወረቀት፤
«ጥላዬ ወንድይፍራው፣ ፲፱፻፴፰ —»
ከዚያ ባዶ።
ባለ ስሙ ራሳቸው ከፊቱ ቆመዋል፣
ከዘራቸውን ተደግፈው፣ መነጽራቸው ጉም ለብሶ።
ባዶውን አዩት፤ አዩትና
ሠርግ ቤት አርፍዶ እንደደረሰ እንግዳ ሳቅ አሉ፦
«ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ቦታ ይዘውልኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ።
ምሳ ግን አልወርድ አለኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ በከተማው አዳራሽ፣
የተዘጋ ፎቶ ቤት ሣጥን ነበር የታየው፤
ተነሥተው ሳይወስዱት የቀሩ ሰዎች ምስል፣
ባለቤቱ ያላየው።
ወታደር፤ ሙሽሪት፤
ከመሓል ሜዳ የመጣ ተማሪ፣ ደብተር አቅፎ፤
ስም የላቸውም፤ ከጀርባቸው ብቻ
በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ፦
«ቀብድ ሁለት ብር። ቀሪ አንድ ብር ከሃምሳ።»
ሰው እንዲህ ይሄዳል መሰለኝ፤
ቀብዱን ከፍሎ፣ ምስሉን ሳያነሣ።

እኔም እንጀራዬ እዚሁ ጎረቤት ነው፤
ከመታወቂያ ፎቶ አጉልቼ እሥላለሁ፣
ለአርባ፣ ለሙት ዓመት።
በማግስቱ ወይዘሮ ዘርፌ ከጠባሴ መጡ፣
የባላቸውን መታወቂያ በመሐረብ ቋጥረው፤
«ኮት አልብሺልኝ» አሉ፣
«ሊገዛ ሲል ነው የቀረው።»

ኮቱ ቀላል ነው። ግንባሩም። ዓይኑም ቢሆን ይገኛል።
የቀበሌው ማኅተም ግን
አገጩ ላይ አርፎ፣ ሐምራዊው ክብ ውጦታል።
«አገጩ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።
«ሰርጎድ ያለ» አሉ። ዝም አሉ።
«የለም፤ እሱ የወንድሙ ነው።»
መሐረቡን ፈቱት፣ መልሰው ቋጠሩት፤
«ሠላሳ ስድስት ዓመት» አሉ፣
«አገጩን የት ጣልኩት?»

ሌሊት መስታወት ጠረጴዛው ላይ አቁሜ
የራሴን አገጭ ሰጠሁት።
ጥቂት ጺም፣ ጥቂት ሽበት፣
ከከንፈሩ ሥር ጥላ አሳረፍኩበት።
ከኮቱ ጥግ ስሜን ጻፍኩ፤ ዓመቱን ጽፌ ሳበቃ
እጄ፣ ሳላዘው፣ ሰረዝ ጨመረበት።
ሰረዙን አልሰረዝኩትም።

የአርባው ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሥዕሉ ወንበር ላይ ቆሞ፣
የዕድሩ ዳኛ ሳይቀር ቀረብ ብሎ
«እሱን ራሱን!» አለ፤
ወይዘሮ ዘርፌ መጡና በጣታቸው ጫፍ
አገጩን ዳሰሱት፦
«ይኸው። ይኸው፣ እዚህ አለ።»

እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ነበርኩ።
ከጣርማ በር ወገን የተነሣው ነፋስ
በሸራው ቀዳዳ ሲገባ፣
ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ።