እስኪገለጥ ድረስ

ሦስት ቀን ዘነበ። ሶሃር ዓሣ ተራ
ባሕሩ ወጥቶ ዋለ፣ ዋጋ እየተከራከረ ከነጋዴው ጋራ።
በአራተኛው ጠዋት፣ በኡም ሳሊም ሳሎን፣
ኮርኒሱ አበጠ፣ ልክ ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጩ እንደሚሆን።
አንዷ ጠብታ ወርዳ ከምንጣፉ ዐረፈች፤ ማንም አልሰማት፤
ሁለተኛዋ ግን የእመቤቲቱን ትከሻ ነካች፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሰማት።

ጠጋኙ ሻጂ መጣ። ኬረላ ነው አገሩ፣
ዝናብ ለወራት ከሚወርድበት፤ በውሃ አይቀልድም ለነገሩ።
መዶሻውን ይዞ ጣራውን ከዳር ዳር ዞረው፤
እንደ ሐኪም ጣት፣ መታ መታ እያረገ አናገረው፤
ድምፁ ባዶ የሆነውን በጠመኔ ከበበው፤
ካንዱ ክብ ዳር ያምናውን ቀለም በጥፍሩ ቆንጥሮ ሳበው፣
ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ ተልጦ መጣ።
"ይህን ማን ሠራው?" አለ። እመቤቴ ዝም። አራት መቶ ሪያል ነው ያኔ የወጣ።

ከዚያ ካልኩሌተር ወጣ። እኔ ሻይ ይዤ፣ ከደረጃው አፍ ቆሜ፣
ቁጥር ሲደረደር እሰማለሁ፣ ትሪው ከብዶኝ፣ ከነድካሜ።
"ቅብ ብቻ ካላችሁ፣ ካሬው ሦስት ሪያል፤
ግን የአንድ በጋ ነው፤ የሐምሌ ፀሐይ ሲልሰው ይላጣል።
ሬንጅ ተነጥፎበት፣ ሲሚንቶ ለብሶ ከሆነ፣ ካሬው ስምንት፤
ለአሥር ዓመት ዋስ ነኝ፣ ፈርሜ በወረቀት።
ፍርስራሽ ማውረጃ ሃምሳ፣
ታንከር ማንሻ ሠላሳ።
ሁለት መቶ ካሬ..." ጣቱ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ቆመ።
አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ። የኡም ሳሊም ፊት ከኮርኒሱ እኩል ታመመ።

"ታዲያ ይኼ ግምት ነው" አለ፣ እርሳሱን ከጆሮው ሰክቶ፤
"የጣራ ዋጋ ሳይገለጥ አይታወቅም፤ ብረቱ ዝጎ ይሆናል፣ ውስጡን ማን አይቶ።"

ኑሮው ጣራ ነካ ሲባል እሰማ ነበር አገሬ ሳለሁ፤
ጣራው ራሱ ኑሮ ሲነካ፣ ይኸው ቆሜ አየሁ።
በልቤ መነዘርኩት፤ ልማድ ነው፣ አልተውም፦
የኔ አሥራ ስምንት ወር ከሃያ ቀን ደሞዝ፣
ያውም ለማንም ሳልልክ፣ አንድ ሳሙና እንኳ ሳልገዛ ብቀመጥም።

ድርድሩ ገና ነው። "የጎረቤቴ ሰው በሰባት መቶ ይሠራል፤"
"ይሥራው" ይላል ሻጂ፤ "በኋላ እኔን ትጠራላችሁ፤ ስልኬ ያው ነው፣ ይነሣል።"

ከታንከሩ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤ ግድግዳዋ ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል።
"ይቺስ ትቆጠር?" አለ። "እሷ ትቆይ" አለች እመቤቴ፤ "ሒሳቡ በዝቷል።"
እኔ ነኝ የማድርባት። ከራስ በላይ ነፋስ ይሉት ነገር
ለኔ ተረት አይደለም፤ ሌት ሌት እሰማዋለሁ ከትራሴ በላይ ሲነጋገር።

ይማም በድምፅ ላከ፣ ከቢስቲማ፣ የዚያኑ ዕለት፦
"እህቴ፣ ነፋሱ በጎን ገብቶ ቤትሽን ገለበው በሌት፤
ዘጠኝ ቆርቆሮ ሄዷል፤ አንዱን ያገኘነው ከሰው ማሽላ ውስጥ ነው።
ምስማር ብትዪ፣ ሞራሌ ብትዪ፣ ያምናውን ዋጋ እርሺው፤ ዘንድሮ ሌላ ነው።
አሸንዳውም ጎብጧል። አናጢው ቁርጡን አልናገርም ብሏል፤
ማገሩን ምስጥ ሳይበላው አይቀርም፤ ሲገለጥ ይታያል።"

እኔም ባለቤት ነኝ። ባለ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ቤት አለኝ፣
በስድስት ዓመት የከደንኩት፤
አንድ ሌሊት እንኳ ያልተኛሁበት፣ ዝናቡን ያላሰማኝ።

ማታ ሻጂ ሲወርድ ተመለሰ፤ ለማሳያ ያመጣው ሬንጅ ነበረው፤
በክፍሌ በር አናት ያለውን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ መረገው።
"ስንት ነው?" አልኩት። "ናሙና ነው" አለኝ፤ "ናሙና አይከፈልበትም፤
ግን ዋስ አልሆንም።" እኔም ዋስ አልጠየቅሁትም።

ሌሊት ደግሞ ዘነበ። ጠብታዋ አልቆመችም፣ ሄደች እንጂ፤
ከራስጌዬ ተነሥታ ግርጌዬ ሰፈረች።
ይበቃል ለዛሬ። ደህና እደር፣ ሻጂ።
ባልዲውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ለይማም ላክሁለት፦
"ግለጡት በለው፤ ምስጥም ከሆነ፣ ምስጥነቱን አይተን እንክፈልለት።"