እጣቢው እስኪጠራ

በአላዛኒ ሸለቆ፣ ከካውካሰስ ተራራ ሥር፣
ወይን የሚጣለው በጋን ነው፣ እስከ አንገቱ በሚቀበር፤
አፉ ብቻ ከመሬት በላይ፤ ሆዱ ግን ሰው ይውጣል፤
ለቀማው ሲቃረብ አጣቢው በመሰላል ይወርዳል።

ኤልጉጃ ነበር አጣቢው፤ ቀጭን፣ ክንዱ ረጅም፣
ምላሱን ያልቀመሰ ሰው በዚያ መንደር የለም።
እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ ፋኖስ ያዥ፣ ባልዲ አቀባይ፣
ከጋኑ አፍ ተደፍቼ ቁልቁል ጨለማውን የማይ።

ከቤሳርዮን ከተኳረፈ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤
ለአንድ ረድፍ ወይን ነው፤ ድንበር ገፋህ ተባብለዋል።
ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣
አንዱ ካንዱ ሻማ እሳት መለኮስ እየፈራ።

በፍልሰታ ጾም ተናዘዘ። ቄስ አምብሮሲ ሰሙት፤
ሳል ይዟቸው ነበርና በዝምታ አቆዩት።
ስግደት ያዙኛል ብሎ ጉልበቱን አዘጋጅቶ ጠበቀ፤
«የቤሳርዮንን ጋን እጠብለት» አሉ። አለቀ።

ሄድን። ቤሳርዮን ከደጁ በአገጩ ጋኑን አሳየ፤
ወፍሯል፣ ወገቡም አይታጠፍ፤ ሊወርድ ካልቻለ ቆየ።
ኤልጉጃ የቼሪ ልጥ ብሩሹን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፍ፣
ያ የለመደው እርግማን አመለጠው ካፍ።
ጋን ደግሞ ሰው አይደለም፤ የሰማውን አይሸሽግም፤
አወፍሮ፣ አዙሮ፣ ለገዛ ጆሮው መለሰው ደጋግሞም።

«ማነው?» አለ። እምላለሁ፣ «ማነው?» አለ ደንግጦ፤
የራሱን ድምፅ አላወቀውም፣ በሸክላ ውስጥ ተለውጦ።

ከዚያ ዝምታ። ብሩሹ ብቻ፦ ሸር፣ ሸር፣ ሸር።
የመጀመሪያው ባልዲ ሲወጣ፣ እጣቢው ጥቁር ነበር።
እስኪመሽ ስድሳ ቆጠርሁ፤ ክንዴ ዛለ፤
«ይበቃል፣ ጠርቷል» ብለው፣ «አልጠራም፣ ጨምር» አለ።

በእኛ አገር ወግ ነው፦ አጣቢ ሥራዬ አበቃ የሚል፣
ከመጨረሻው እጣቢ ቀድቶ በሰው ፊት መጠጣት ይገባዋል።
የራሱን ጋን ሲያጥብ ይጠጣ ነበር ሳያቅማማ፤
ዛሬ ግን አየው፣ አሸተተው፣ ደፋው፤ ተመለሰ ወደ ጨለማ።

በማግስቱ ወጣ። ጠጣ። ጽዋውን ለቤሳርዮን ዘረጋ፤
እሱም ጠጣ። ቃል አልነበረም። ውሃ ብቻ፣ ያለ ዋጋ።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ታረቁ ብዬ ባበቃሁ፤
ግን በዚያው ሳምንት ከፈረስ ነጋዴ ጋር ሲሰዳደብ አየሁ።
በገና ዋዜማ ሚስቱን ፔላጊያን አስለቅሶ፣
ሌሊቱን በረንዳ ላይ አደረ፣ ራሱን ወቅሶ፤
ስትነሣ እንጨቱ ተፈልጧል፤ ይቅርታውን በመጥረቢያ ጨርሶ።

በዓመቱ ማንም ሳያዘው ወደ ቤሳርዮን ጋን ሄደ፤
በሦስተኛውም። በአራተኛው ዳዊት እየደገመ ወረደ።
ድምፁ ያው ሻካራ ነው፤ ጋኑ ግን አሳምሮ መለሰው፤
ከላይ ሆኖ የሚሰማ፣ ውስጥ ያለው ሌላ ነው ይላል ሰው።

እኔ ደግነት እንደ መብረቅ ይወርድልኛል ብዬ ኖሬያለሁ፤
አሁን የእሱን ሥራ ወርሼ፣ በየዓመቱ እወርዳለሁ።
ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ ነፍስም እንዲሁ በጥቂቱ፦
በዋጡት የስድብ ቃል፣ በፈለጡት እንጨት በሌሊቱ።
ብሩሹ የእኔ ነው፤ ልጡን ቆርጬ አስሬያለሁ፤
ውሃው ግን ከላይ ነው፣ ከበረዶው፤ እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ።

ኤልጉጃ ሊሞት ሲል፣ ውሃ ይዤ ቀረብኩ ከአልጋው፤
ጽዋውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው፤
አየው።
አሸተተው።
«ገና ትንሽ ይቀረዋል» አለኝ፤ ውሃው ይሁን እሱ፣ አልጠየቅሁ፤
ፈገግ ብሎ ጠጣው። ባዶውን ጽዋ ከእጁ ተቀበልሁ።